ጓሮውን የጠላው ዘንቢል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልንገራችሁ። እኔ ስነግር እናንተ «እህ» በሉ፤ «እህ» ካላላችሁኝ ተረቱ መንገድ ላይ ይተኛብኛል።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች ኮረብታ ላይ አትጠገብ የምትባል ሴት ከባሏ ከሽባባው ጋር ትኖር ነበር። ሽባባው ሸማኔ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሸምናል። አትጠገብ ጥጡን ትፈትልለታለች። ጓሯቸው ሰፊ ነበር። ሰፊ ብቻ! ሳማ የሚበቅልበት፣ ዶሮና ፍየል የሚንጎራደዱበት፣ ሌላ ምንም የሌለበት። ጎመን ሲያምራቸው ከገበያ፣ ሽንኩርት ሲያምራቸው ከገበያ፣ አንዲት ፍሬ ቃሪያ እንኳ ከገበያ!

ገበያ የሚወርደው ደግሞ አያ ዘንቢል ነው። ከሰሌን የተሠራ፣ ሆደ ሰፊ፣ ወሬ ወዳድ። ቅዳሜ ሲሆን ገና ሳይነጋ አትጠገብን ይነዘንዛታል፤
«እሜቴ፣ ረፈደ! እሜቴ፣ ቅቤው አለቀ! እሜቴ፣ ወሬው አመለጠን!»
ሲመለስ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን በግ እንደጠፋ፣ ሁሉን ለድስቱና ለማማሰያው ይዘረግፈዋል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞላ። ዛሬ ይጎድላል ሲሉት ሞላ። ነገ ይጎድላል ሲሉት ይባስ ሞላ። ወደ ገበያ መሻገሪያ የለም። ባልና ሚስት ጠዋት ቆሎ፣ ማታ ቆሎ። ሽባባው መንጋጋው ደከመ። አትጠገብ መቀነቷን ብታጠብቅ፣ ብታጠብቅ፣ መቀነቱ ዞሮ ዞሮ ሊያልቅ ሆነ። በመጨረሻ ድስቱ ጮኸ፤
«እሜቴ፣ ነጋ ጠባ ውኃ ታፈዪብኛለሽ! እኔ ድስት ነኝ ወይስ የገላ መታጠቢያ?»

አትጠገብ አፈረች። በሩ ላይ ቆማ ጓሮውን አየችው። ሳማው አንገቷ ድረስ አድጎ፣ ዝናቡን እየጠጣ ይወዛወዛል።
«ሳማን እንዲህ ያወፈረ መሬት ጎመን ያቅተዋል?» አለች።
ሽባባው ይህን ሲሰማ የሽመና መወርወሪያው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «የሸማኔ ሚስት ገበሬ ልትሆን ነው! እህል እንደ ጥጥ የሚፈተል መሰለሽ?»
«ሳቅ አንተ ሰው፣ ሳቅ» አለችው፤ «ቆሎ ከማላመጥ ይሻልሃል።»

ወንዙ ሲጎድል ዘንቢሏን አንጠልጥላ ገበያ ወረደች። የጎመን ዘር፣ የዱባ ፍሬ፣ ዐይን ያወጣ ድንች፣ የሽንኩርት ችግኝ ገዛች። አያ ዘንቢል ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ እየዘፈነ ተመለሰ። ቤት ሲደርሱ ግን አትጠገብ ዶማዋን አነሣች፤ ሳማውን ነቀለች፣ መሬቱን ገለበጠች፣ ከዘንቢሉ እያወጣች አፈር ታለብስ ጀመር።
«እሜቴ! ምን ነካሽ? ምግቡን ትቀብሪዋለሽ?» አለ ዘንቢል።
«ዝም ብለህ እይ። ከእንግዲህ ገበያው እዚሁ ነው።»

አያ ዘንቢል ሰሌኑ ኩምትር አለ። «ገበያው እዚህ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ ነው? ምሰሶ ላይ አቧራ ልጠጣ?» ብሎ አሰበ፤ አስቦም ተንኮል ፈተለ።

በማግስቱ ዶሮዋን ጠራት። «እመት ዶሮ፣ እዚያ አፈር ሥር እንዴት ያለ ድግስ እንደተቀበረ ብታውቂ!»
ዶሮ ሁለት ጊዜ አይነገራትም። ገባች፤ ጫረች፤ ዘሩን በእግሯ በተነችው። አትጠገብ መጥረጊያዋን ይዛ ደረሰች።
«ምን አደረግሁሽ አንቺ?»
«ድግስ ተብዬ ነዋ!» አለች ዶሮ፣ እየተንቆራጠጠች።
«እንግዲያው እንስማማ። እስኪበቅል ራቂልኝ፤ ድንቹ ሲቆፈር ትሉ በሙሉ ያንቺ ነው። አንቺ ደግሞ እንቁላልሽን አጥር ሥር እየደበቅሽ አታስፈልጊኝ።»
ዶሮ አንገቷን ወዲህ አዘመመች፣ ወዲያ አዘመመች። «ትሉ ወፍራም ነው?» አለች። ተስማሙ። አትጠገብ የተበተነውን ለቅማ እንደገና ዘራች፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠረች።

ጎመኑ በቀለ። ቅጠሉ ሰፋ፣ የዝሆን ጆሮ አከለ። ዘንቢል ይህን ሲያይ ሊፈነዳ! ፍየሏን በሹክሹክታ ጠራት።
«እመት ፍየል፣ ጎመኑ ትናንት ምን ሲል ሰማሁት መሰለሽ? ‹ያቺ ፍየል አጥር መዝለል አትችልም› እያለ ይስቅብሻል።»
«እኔ?» አለች ፍየል። «እኔ ገደል የምዘልለው?»
ዘለለች! ጎመኑን ከዳር እስከ ዳር፣ ግንዱ ብቻ እስኪቀር ጋጠችው። አትጠገብ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ፍየል መሐሉ ቆማ ታገሳለች። አሁንስ አትጠገብ ልቧ ተሰበረ። እንስራዋን አውርዳ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሽባባው ከሥራው ተነሥቶ መጣ። ሊስቅ ነበር፤ እንባዋን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። ዶማውን ያዘና ፍየሏ ስትዘል የናደችውን አጥር ያጥር ጀመር።

ፍየል ተጨነቀች። «እሜቴ፣ የበላሁትን በሌላ በኩል እመልሳለሁ» አለች።
«በየት በኩል?»
«በ… በጓሮ በኩል ነዋ!»
አትጠገብ እንባዋን ሳታብስ ሳቀች፤ ሽባባውም ሳቀ። ፍየል ቃሏን ጠበቀች። ፍግ እንደሆነ አልሰሰተችም! ፍጉን የጎመኑ ግንድ ሥር አፈሰሱት፤ ጥቂት ሰንብቶ ከየግንዱ ጎን አዲስ ቅጠል ብቅ፣ ብቅ እያለ ወጣ።

ቀጥሎ ዱባው ደረሰ። እንዴት ያለ ዱባ! አጥሩ ላይ የተቀመጠ፣ ጣሪያው ላይ የወጣ፣ በሩን ዘግቶ «ማን ነህ?» የሚል! ዘንቢል አሁንስ ተስፋ ቆረጠ፤ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ገደል ዞሮ እዚያ የሚኖሩትን ዝንጀሮዎች ተጣራ።
«ኑ! ሰዎቹ ሸማ ሊሸጡ ገበያ ወርደዋል፤ ዱባው ብቻውን ነው!»
ዝንጀሮዎቹ እየተንጫጩ መጡ። አለቃቸው ዱባውን ሊያቅፍ ሞከረ፤ ተንሸራተተበት። ሊጎትት ሞከረ፤ ተንከባለለበት። ጭንቅላቱን አከከና ዞሮ ዘንቢልን አየው።
«አንተ ግን ዘንቢል አይደለህም?»
«ነ… ነኝ። እኔ ግን አማካሪ ነኝ!»
ማን ሰምቶት! ከምሰሶው አወረዱት፣ ዱባ አጨቁበት፣ አንዱ በግራ ጆሮው፣ አንዱ በቀኝ ጆሮው ይዘው ወደ ገደሉ ጎተቱት። አንዱ ጆሮው ተገነጠለ።
«እሜቴ! ድረሺልኝ! ኧረ ልሞት ነው!»

ባልና ሚስት ዳገቱን እየወጡ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምተው ሮጡ፤ ከቤት እጃቸው የገባውን አነሡ። አትጠገብ በዶማ፣ ሽባባው በመወርወሪያ፣ ዶሮ በክንፍ፣ ፍየል በቀንድ! ዝንጀሮዎቹ ዱባውን ጥለው፣ እርስ በርስ እየተደናቀፉ ገደሉን ወረዱ። ዘንቢል አንድ ጆሮውን አጥቶ፣ ሆዱ ተተርትሮ መሬት ላይ ተዘርሯል።
«የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለ እያለቀሰ። «ዶሮዋንም፣ ፍየሏንም የላክሁ እኔው ነኝ። ጓሮው ሲሞላ እኔ ባዶ የምቀር መስሎኝ ፈርቼ ነው።»

አትጠገብ በንዴት አፈጠጠችበት። ጓሮውን አየች፤ ዘንቢሉን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች።
«አንተ ጅል! ያ ሁሉ ዱባ፣ ያ ሁሉ ድንች፣ ያ ሁሉ ጎመን በምን ሊገባ ነው? በሽባባው ኮፍያ?»
ዘንቢል ይህን ለካ አንድም ቀን አላሰበውም!

ሽባባው ጆሮውንም ሆዱንም በጠንካራ ድር ሰፋለት። ከዚያ ወዲያ አያ ዘንቢል ዕረፍት አጣ። ጠዋት እንቁላል፣ ቀትር ድንች፣ ማታ ጎመን። ድስቱ እየተንተከተከ ይዘፍናል፤ ሽባባው እየበላ ይሸምናል፣ እየሸመነ ይበላል። ከጓሮው የተረፈውን ዘር ዘንቢል በየጎረቤቱ ይዞ ዞረ፤ እየዞረም አፉን አልዘጋም። «አንቺ እትዬ፣ ጓሮሽ ሥራ ፈትቶ ተኝቷል! አንተ ጋሼ፣ ሳማ ልትበላ ነው? ያዝ፣ ይህን ዝራ!» ጎረቤቱ ሁሉ ዘንቢሉን ዝም ለማሰኘት ሲል ዘራ፤ ኮረብታዋ በሙሉ አረንጓዴ ሆነች።

እኔም ይህን ያወራኋችሁ በከንቱ አይደለም። ምግብ ፍለጋ ወንዝ ከመሻገራችሁ በፊት የገዛ ደጃችሁን ቆፍሩት፤ ስትቆፍሩ ደግሞ በቤቱ ላለው ሁሉ ድርሻውን ንገሩት፣ ድርሻውን ያላወቀ ያፈርስባችኋልና። በሉ፣ ተረቴ አለቀች፤ እናንተም ዶማችሁን ፈልጉ!