ዳዮድን ያስባረረው ሪሌ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ተዉት። የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የጫጩት ቤት» በሉኝ። አላችሁ? ደግ አደረጋችሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሽቦም ከሽቦ ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ጫጩት አስፈልፋይ ነበሩ። እንቁላሎቹን የሚያሞቀው ዶሮ አልነበረም፤ በኤሌክትሪክ የሚግል የእንጨት ሳጥን ነበር። ገብስማ የምትባለው ዶሯቸው እንቁላሏን ትጥልና ሳጥኑ ዘንድ እየመጣች «ልጆቼ ደኅና ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች። ከውስጥም «ደኅና ናቸው እታለም፤ አታስቢ» ይሏታል።

እንዲህ የሚሏት በሳጥኑ ጎን በተሰቀለች ትንሽ የላስቲክ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ቴርሞሜትር ነው፤ ሥራው ብርድና ሙቀት እያየ መጮኽ ነው። አንዱ ትራንዚስተር ነው፤ ሥራው በር መጠበቅ ነው። አንዱ ሪሌ ነው፤ እሱ ትልቁ ነው። ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው እሱ ነው።

ሲበርድ ቴርሞሜትር «በረደ!» ይላል። ትራንዚስተር በሩን ይከፍታል፤ ኤሌክትሪኩ ሪሌ ዘንድ ይገባል፤ ሪሌ «ቀጭ!» ብሎ ማሞቂያውን ይይዛል። ሲሞቅ ቴርሞሜትር «ይበቃል!» ይላል። ትራንዚስተር በሩን ይዘጋል፤ ሪሌ «ቀጭ!» ብሎ ይለቃል። በረደ፣ ቀጭ። ይበቃል፣ ቀጭ። እንዲህ እያሉ በሰላም ይኖሩ ነበር።

አራተኛውን ረሳሁት። እንደ እኔ ሁሉም ይረሳዋል። ዳዮድ ይባላል። ጥቁር ነው፤ ነጭ መቀነት ታጥቋል፤ ኤሌክትሪኩ ለሚመጣበት ጀርባውን ሰጥቶ ከሪሌ ጎን ይተኛል። ሲሠራ ያየው የለም።

ታዲያ አንዲት አይጥ ነበረች። እንቁላሎቹን ከሸተተች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ሳጥኑን እንዳትበሳው ወፍራም ነው። «እንቁላሎቹ ቢበላሹ ግን እመቤቲቱ ጉድጓድ ይጥሏቸዋል፤ ከጉድጓድ ደግሞ የሚከለክለኝ የለም» ብላ አሰበች። አስባም በላስቲክ ቤቷ ቀዳዳ በኩል ሪሌ ዘንድ ሄደች።

በመጀመሪያው ቀን «ጌታዬ ሪሌ፣ ድምፅዎ እንዴት ያምራል! እርስዎ ቀጭ ሲሉ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል» አለችው። ሪሌ ደስ አለው። ቀኑን ሙሉ ጮክ ብሎ ቀጭ አለ።

በሁለተኛው ቀን መጣችና «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከጎንዎ የተጋደመው ማን ነው?» አለችው።

«ዳዮድ ነው።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ሪሌ አሰበ፣ አሰበ። «እንጃ» አለ በመጨረሻ።

በሦስተኛው ቀን መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጌታዬ፣ ስለምወድዎ ነው የምነግርዎ። ሰዉ ያማዎታል። ‹ያ ትልቅ ሰው ሥራ ፈት ታቅፎ ይኖራል› እየተባለ ነው።»

ወይ ሪሌ! ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ሐሜት ግን አይችልም። «ሰው ምን ይለኛል» የምትለዋ ነገር ከገባችበት አትወጣም። ወደ ዳዮድ ዞረና «ስማ አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

«ከጎንህ መተኛት ነው» አለ ዳዮድ።

«እሱንማ አየሁት!»

«ካልፈለግኸኝ እሄዳለሁ» አለ ዳዮድ። ይህን ሲል ሪሌን አላየም፤ ትራንዚስተርን ነበር ያየው። አይጢት ምን ትጠብቃለች? እግሮቹን ቀርጠፍ ቀርጠፍ አደረገቻቸው። ዳዮድም ከቤቱ ወለል ላይ ወደቀ።

«በረደ!» አለ ቴርሞሜትር። ሪሌ ቀጭ ብሎ ያዘ። «ይበቃል!» አለ ቴርሞሜትር። ትራንዚስተር በሩን ዘጋ፤ ሪሌም ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

«ወይኔ ወገቤን!» ሲል ትራንዚስተር ጮኸ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር መታኝ!»

«ነፋስ ይሆናል» አለ ሪሌ። እግሩ ግን ሲወራጭ ተሰምቶት ነበር።

በረደ፣ ቀጭ። ይበቃል፣ ቀጭ። ትራንዚስተር ተንከባለለ። «ጋሼ ሪሌ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚመቱኝ?»

«እኔ? አንተን? አፍህን ያዝ!»

ይህን ሲል ፊቱ ጋለ። አሁን አውቆታል። ያ የገባበት ኤሌክትሪክ በሩ ሲዘጋበት መውጫ አጥቶ በእግሩ በኩል ይራገጣል፤ እርግጫውም በሩ ላይ የቆመውን ያገኘዋል። እስከ ዛሬስ ማንን ሲያገኝ ኖሯል? ሪሌ ወደ ወለሉ አየ። ዳዮድ እግሮቹን አጥቶ ተጋድሟል። «ና ተመለስ» ሊለው አፉን ከፈተ። አይጢት ግን በቀዳዳው በኩል ትመለከት ነበር። «ትናንት አባሮ ዛሬ ለመነው» ብላ ብታወራስ? ሪሌ አፈረ፤ አፉንም ዘጋ። «ነገ እነግረዋለሁ፤ ማንም ሳይኖር» አለ በሆዱ።

ነገ የሚባለውን ማን አየው? በረደ፣ ቀጭ። ይበቃል፣ ቀጭ። በሦስተኛው እርግጫ ትራንዚስተር «ጋ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። እርግጫው በሩን በረገደው፤ እሱም ሞተ።

በሩ ተከፍቶ ስለቀረ ኤሌክትሪኩ ይገባል፣ ይገባል። ሪሌ ማሞቂያውን እንደገና ይዞ ደረቀ። «ይበቃል!» አለ ቴርሞሜትር። የሚዘጋ የለም። «ኧረ ይበቃል! ኧረ በሕግ አምላክ!» ሪሌ ልልቀቅ ቢል እጁ እንቢ አለው። ሳጥኑ ጋለ። ሊፈለፈሉ የተቃረቡት ጫጩቶች ከቅርፊታቸው ውስጥ ይንጫጩ ጀመር።

ገብስማ እየበረረች መጣች። «ልጆቼ ምን ሆኑ?»

አይጢት ቀደም ብላ «ምንም አልሆኑም እሜቴ። ጫጩት ሊወጣ ሲል እንዲህ ይላል። ይልቅ ጋሼ ሪሌን ይጠይቁ፤ እሳቸው አይዋሹም» አለች። ለሪሌም ጠቀስ አደረገችው።

ገብስማ ወደ ሪሌ አየች። እዩልኝ እንግዲህ! ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ሟች አይናገር፤ ዳዮድም እንደሆነ አሳልፎ አይሰጠው። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሪሌ ዝም አለ። ዝም እንዳለም ከሚንጫጩት ድምፆች አንዱ ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው ጠፋ።

«ውሸቷን ነው!» ብሎ ሪሌ ጮኸ። «እታለም ገብስማ፣ ልጆችሽ እየተቃጠሉ ነው! ትራንዚስተር ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ ደበቅሁ። አሁን መልቀቅ አቅቶኛል፤ ሩጪ፣ እመቤትን ጥሪ!»

ገብስማ ጩኸቷን አቀለጠችው። ወይዘሮ አስካለ «ምን ነካት ይቺ ዶሮ?» እያሉ ብቅ አሉ፤ ሳጥኑን ሲነኩት እጃቸውን ፈጀው። ሶኬቱን ነቀሉት፤ በሩን በረገዱት። የተረፉት ተረፉ። ያልተረፉት ጉድጓድ ተጣሉ፤ አይጢትም የፈለገችውን አላጣችም። ቅርፊት ስትሰብር ሪሌ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ ጠጋኝ መጣ። የሞተውን ትራንዚስተር አውጥቶ አዲስ አስገባ። ወለሉን ሲያይ ዳዮድን አገኘው። «ይኼማ ወድቆ ነው ጉድ የፈላው!» አለና አዲስ እግር ቀጥሎ ከሪሌ ጎን በየደው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ሪሌ ፊቱን የሚያሳርፍበት አጣ። «ድሮም እራገጥ ነበር?» አለው።

«ድሮም።»

«አንተን?»

«እኔን። እርግጫህ እኔ ዘንድ ይዞር ይዞርና ይበርዳል።»

«እና ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ታፍራለህ ብዬ» አለ ዳዮድ።

ሪሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ዳዮድ ግን እሱም አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ያንተን ገመና ስሸፍን ያንን ምስኪን አጋለጥሁት። አንተ እንዳትሰደብ ፈራሁ፤ ለእሱ ግን አልፈራሁለትም። ስወድቅ እንኳ ዐይን ዐይኑን አይቼ ዝም አልሁ።»

ሶኬቱ ሊሰካ ሲል አዲሱ ትራንዚስተር ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ጋሼ ሪሌ፣ እንደምን ነዎት? ለቤቱ እንግዳ ነኝ። በር ከመያዜ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ቴርሞሜትር ሰምቷል። ገብስማም በር ላይ ቆማለች፤ አይጢትም ጠግባ ከቀዳዳዋ ተቀምጣለች። ሪሌ ሁሉንም አያቸው። ፊቱ እንደ ማሞቂያው ጋለ፤ ቢሆንም ተናገረ።

«አለ፣ ልጄ። እኔ ማሞቂያውን ስለቅ እራገጣለሁ። ካንተ በፊት እዚህ የቆመውን በእግሬ የገደልኩት እኔ ነኝ። የእነዚያ ጫጩቶች ደምም በእኔ ነው። እርግጫዬን የሚችልልኝ ይኸ ዳዮድ ነው። አንድ ቀን ከጎኔ ካጣኸው፣ ብቆጣህም፣ ብለምንህም፣ በሩን እንዳትከፍትልኝ።»

ገብስማ ሰማች። አልረገመችውም፤ አልማረችውምም። ወደ ቀሩት ልጆቿ ሄደች።

እኔም ከሳጥኑ ወጥቼ ወደ እናንተ መጣሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ደግሞ ልጨምርበት፦ ጥፋቱን በአንድ ሰው ፊት ማውራት ያፈረ፣ በሬሳ ፊት ያወራዋል። ተረቴን መልሱልኝ፤ ከመመለሳችሁ በፊት ግን ያልተናገራችሁት ነገር ካለ እሱን አስቀድሙ።