ፍስክ የሆነው እንጉዳይ

አንድ ቀን፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስንነሳ አጥራችን ጥግ ያለው ኩይሳ ነጭ እንጉዳይ ለብሶ አገኘነው። ቦንጋ ውስጥ የምንኖርበት ግቢ የጋሽ ተካልኝ ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እንጉዳዩን እየነቀሉ በሰፌድ ሰበሰቡት። ፀጉር አስተካካዩ ወልደየስ ሽንኩርት ላጠ። እማዬ ደግሞ በዘይት አቁላልታ ወጥ ሠራችው። ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም። ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ የምንጠብቀው ያንን ድስት ነበር።

ሽታው ስቧቸው ነው መሰለኝ ጋሽ ተካልኝ ወደ ማድ ቤቱ ገቡ። ጅማ ሄደው ስለ እንጉዳይ እርባታ ሥልጠና ከወሰዱ ወዲህ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ጥርስ ሕመምም ስለ መብራት መቋረጥም የሚያስረዱን እሳቸው ናቸው። ክዳኑን አንስተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልትበሉት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ቅዳሴ ሲወጣ» አለች እማዬ።

«በጾም?»

«እንጉዳይ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ! እንጉዳይ ውስጥ ስፊንጎሊፒድ አለ።»

እትዬ ዘነቡ ደንግጠው ድስቱን አዩት። «ኧረ እኔ ደህና አድርጌ አጥቤዋለሁ» አሉ።

«በማጠብ የሚለቅ አይደለም። ቅባት ነው። መጀመሪያ የተገኘው አንጎል ውስጥ ነው፤ የዚያ ቅባት ዘመድ እንጉዳይ ውስጥም አለ። ኤርጎስቴሮል የሚባልም አለው፤ እሱ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ላለው ኮሌስትሮል እንደ ወንድም ነው። ተክል እንዳይመስላችሁ። በሳይንስ ካየነው እንጉዳይ ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። ስለዚህ ፍስክ ነው።»

ጾም መግደፍ ቀልድ አይደለም። እማዬ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን እናድርገው ጋሼ? እንድፋው?»

«እህል መድፋትማ ነውር ነው» አሉ ጋሽ ተካልኝ። «እኔ ጨጓራዬን ስለሚያመኝ የነፍስ አባቴ ዘንድሮ አትጹም ብለውኛል። ፍስክ ተፈቅዶልኛል። ምን ይደረግ፣ እኔው ልገላግላችሁ።»

ይህን ብለው ድስቱን በጨርቅ ይዘው ብድግ አደረጉት። የእኔ ሆድ ጮኸ። ሁሉም የሰሙት መሰለኝና አቀረቀርኩ።

ወልደየስ ግን በሩ ላይ እንደቆመ አልተነቃነቀም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ፤ ድስቱ ግን ይፋጃል።»

«እንስሳ ነው ብለዋል። ማን አረደው?»

«እንዴት ማን አረደው?»

«እትዬ ዘነቡ ናቸው በእጃቸው የነቀሉት። ቢላ አልነካውም። በስመ አብ የተባለበትም የለም። እትዬ፣ ብለዋል?»

«ኧረ እኔ! ዝም ብዬ ነው የነቀልኩት» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ይኸው። ሳይታረድ የሞተ ደግሞ በክት ነው ጋሼ፤ በጾም ቀርቶ በፋሲካም አይበላም። የነፍስ አባትዎ የፈቀዱልዎ ፍስክ ነው ወይስ በክት?»

ጋሽ ተካልኝ ድስቱን በጨርቁ አጥብቀው ያዙ።

«እኔ ዘመዱ ነው አልኩ እንጂ…»

«የበክት ዘመድ ይበላሉ?»

ጋሽ ተካልኝ ዞር አሉና ድስቱን ቀስ ብለው ጉልቻው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ክዳኑንም ገጠሙት።

«ለነገሩ» አሉ፣ «ደህና አድርገው ሲያዩት ተክል ነው።»

ቅዳሴ ሲወጣ ተክሉን በላነው።