«ሁሉን እበላለሁ» ያለችው ዘምዘም

ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለውም ከጎኑ ካለው ይዋስ።

ደሴ ውስጥ ዘምዘም የምትባል የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የፈለገችው አንዲት ፊርማ ብቻ ነው። ጃፓን ሄዳ አንድ ቤተሰብ ቤት ሦስት ሳምንት እንድትቀመጥ ከትምህርት ቤቷ ተመርጣለች። የወላጅ ፈቃዱ ግን ዛሬ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

አባቷ ጋ ሄደች። «አባዬ፣ ፈርምልኝ።»

«እናትሽ እሺ ሳትል? ከቤቴ ልባረር እንዴ?» አለ አባት።

እናቷ ጋ ሄደች። «እማዬ፣ እሺ በይ። እሺ ካላልሽ አባዬ አይፈርምም።»

«ባዶ እጅሽን የሰው ቤት ልትገቢ? መሪማ ሙዳዩን ትጨርስና እሺ እላለሁ።»

መሪማ አክስቷ ናት፤ ለጃፓኖቹ ስጦታ የሚሆን ሙዳይ እየሰፋች ነው። «አክስቴ፣ ጨርሺልኝ። ሙዳዩ ካላለቀ እማዬ እሺ አትልም፤ እማዬ እሺ ካላለች አባዬ አይፈርምም።»

«ክዳኑ ላይ ስደርስ ቀዩ አለላ አለቀብኝ። የተነከረ ሳር ያላቸው እትዬ አሰገደች ናቸው።»

ወደ ጎረቤት ሮጠች። «እትዬ፣ አለላ ይስጡኝ። አለላ ከሌለ ሙዳዩ አያልቅም፤ ሙዳዩ ካላለቀ እማዬ እሺ አትልም፤ እማዬ እሺ ካላለች አባዬ አይፈርምም።»

«አያትሽ መርቀውሻል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው የእኔም አለላ ሳይመረቅ ባሕር አይሻገርም።»

አያቷ አያ እንድሪስ ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። «አባባ፣ ይመርቁኝ። ካልመረቁኝ እትዬ አለላ አይሰጡም፤ አለላ ከሌለ ሙዳዩ አያልቅም፤ ሙዳዩ ካላለቀ እማዬ እሺ አትልም፤ እማዬ እሺ ካላለች አባዬ አይፈርምም።»

አያ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። «በመጀመሪያ ለሰዎቹ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አንብቢልኝ።»

የቅጹን ግልባጭ አውጥታ አነበበች። ስሟን፣ ዕድሜዋን። «የማትበዪው ምግብ» በሚለው ቦታ «የለም፤ ሁሉን እበላለሁ» ብላለች።

«የአሳማ ሥጋስ?»

ዘምዘም አቀረቀረች። «ገና ሳያውቁኝ ይሄን አልበላም ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ።»

«እነሱ አምነውሽ ድስት ይጥዳሉ፣ አንቺ ፊታቸው ጦምሽን ታድሪያለሽ። እኔ ውሸት ላይ ዱዓ አላደርግም። አስተካክዪው።»

ትምህርት ቤት ገሰገሰች። «ቲቸር ይርዳው፣ ቅጹን አስተካክልልኝ። ቅጹ ካልተስተካከለ አባባ አይመርቁኝም፤ ካልመረቁኝ እትዬ አለላ አይሰጡም፤ አለላ ከሌለ ሙዳዩ አያልቅም፤ ሙዳዩ ካላለቀ እማዬ እሺ አትልም፤ እማዬ እሺ ካላለች አባዬ አይፈርምም።»

ቲቸር ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሆኗል። «ቅጹ ተልኳል እኮ። የሚቀበሉሽ እናት ወይዘሮ ፉሚኮ ናቸው፤ ለእሳቸው ራስሽ ጻፊ። እሺ ካሉ አስተካክላለሁ።»

እንግዲህ ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ ወደቀ። «ምግብ የምትመርጥ ልጅ ይቅርብን» ቢሏትስ? ፈራች፤ በጣም ፈራች። ግን በቲቸር ስልክ ጻፈች፦ «ዋሽቻለሁ። የአሳማ ሥጋ አልበላም። እውነቱን ካወራን ጎመንም አልወድም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ግማሽ ሰዓት ስልኩ ላይ አፍጥጣ ቆየች። መልስ መጣ፦ «እፎይ አልኩ። ሁሉን ለምትበላ ልጅ ምን እንደማበስል ጠፍቶኝ ሳምንት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። አሁን አወቅሁሽ። ነይልን።»

ይኼኔ ምኑን ልንገራችሁ። ወይዘሮ ፉሚኮ እሺ ቢሉ ቲቸር ቅጹን አስተካከለ፤ ቅጹ ቢስተካከል አያ እንድሪስ መረቁ፤ አያ እንድሪስ ቢመርቁ እትዬ አሰገደች አለላ ሰጡ፤ አለላው ቢመጣ መሪማ ክዳኑን ጨረሰች፤ ሙዳዩ ቢያልቅ እናት እሺ አለች፤ እናት እሺ ብትል አባት እስክሪብቶ አነሳ።

«ቆይ» አለች እናት፣ ልጇ የጻፈችውን ሁሉ ስትነግራት። «ጎመን አትወጂም? ይኼን ሁሉ ዓመት ስትበዪ ኖረሽ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ እማዬ።»

አባት ፈረመ። ወረቀቱን ለልጁ ሰጥቶ በሩን እስክታልፍ ጠበቀ። «እኔም አልወድም» አለ ቀስ ብሎ።

እናት ዞራ አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ወረቀቱ ለዐሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲል ደረሰ። የዚያን ቀን ራት ምስር ነበር፤ ተረቴም አብራ ተበልታ አለቀች።