ከአልጣሽ ጋር የሚቀር አንድ ሰው

ዘልማ የሚባል የደጋ አገር በነበረበት በአንድ ወቅት፣ ራስ ሽበሺ የተባለ የጦር አበጋዝ ንጉሡን በተኙበት አስገድሎ አልጋውን ያዘ። የንጉሡ አንድያ ልጅ አልጣሽ ከታማኞቿ ጋር ወንዝ ተሻግራ ወደ ቆላው ንጉሥ አገር ገባች። ስደተኞቹ በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ፤ እሷንም "እቴጌ" ማለታቸውን አልተዉም። አልጣሽን ከሁሉ የሚከብዳት ይኸው ስም ነበር። በተጠራች ቁጥር አንድ ሰው ሊሞትላት የተነሳ ይመስላታል።

መጀመሪያ የተነሳው የአባቷ የጦር መሪ ፊታውራሪ ወንድይራድ ነው። ስደተኛውን አስታጥቆ፣ ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ከፊት አሰልፎ በበጋ ወንዙን ተሻገረ። "እንነሳለን" ብለው የላኩለት የዘልማ ባላባቶች ግን በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ፊታውራሪው የጦሩን እኩሌታ ቀብሮ፣ ልጆቹንም ቀብሮ ተመለሰ። አልጣሽ ልታጽናናው ሄዳ ቃል ቢያጥራት እሱ አጽናናት።

"አይዞዎት እቴጌ፣ እኔ ገና አለሁ።"

ከዚያ የአክስቷ ልጅ ጥሩአይነት ተነሳች። ከአልጣሽ ጋር የተጣላች መስላ ወደ ዘልማ ተመለሰችና ራስ ሽበሺን አገባች። ወንድ ልጅም ወለደችለት። የግቢው ቁልፍ በእጇ ሲገባ ለፊታውራሪ ወንድይራድ ላከችለት፤ በቀጠሮው ንጋት ዘበኞቹን አስክራ በሩን ከፈተች። ፊታውራሪው ግን ወንዙ በድንገት ሞልቶበት ማዶ ቀረ። ፀሐይ ወጣች፤ በሩ እንደተከፈተ ተገኘ። ጥሩአይነት ሕፃኑን ከተኛበት ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ሸሽታ፣ ወንዙ ሲጎድል ተሻግራ ቆላ ስትደርስ ወተቷ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ራስ ሽበሺ ልጁን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛው ሰይፈ ነው፤ የአልጣሽ አጋፋሪ፣ ባለጉዳይ የሚያስገባና የሚያስወጣ። ፊታውራሪው ለሌላ ዘመቻ ጢም ያላበቀሉትን ሁሉ ሲመለምል፣ እናቶቻቸው እያለቀሱ መጡ። ሰይፈ አስገባቸው። አልጣሽ መሬት መሬት እያየች፣ "የአባቴ አልጋ ነው፤ ምን ላድርግ?" ብላ አሰናበተቻቸው።

ያን ጊዜ ሰይፈ ስሙን ሳይገልጽ የዘመቻውን ቀንና መሻገሪያ ለራስ ሽበሺ በምስጢር ላከለት። ዘማቾቹ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ማዶው በጠመንጃ ታጥሮ አገኙት፤ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ተመለሱ። አንድም ሰው አልሞተም። ሰይፈ ራሱ መጥቶ እግሯ ስር ወደቀ።

"የላክሁት እኔ ነኝ።"

"ምን በደልሁህ?"

"ሌላ ለቅሶ መስማት አቃተኝ፣ እቴጌ።"

አስራ አስቀመጠችው፤ ለመፍረድ ግን ልቧ እምቢ አላት። በዚህ መሃል የቆላው ንጉሥ መልእክተኛ ደረሰ።

"ጌታዬ ከራስ ሽበሺ ጋር ታርቋል" አላት። "ራስ ሽበሺ ፊታውራሪዎንም፣ እመቤቲቱንም፣ አጋፋሪዎንም እንድንሰጠው ጠይቋል። ጌታዬ ለእርስዎ ሲል አንዱን ያስቀርልዎታል። ሁለቱን ይዤ እሄዳለሁ።"

"እኔን ውሰደኝ" አለች አልጣሽ።

"እርስዎን የጠየቀ የለም።"

ሦስቱን አስጠራች። ፊታውራሪው ቀና ብሎ፣ "ልጆቼን ሰጥቻለሁ። የገደላቸው ሰው እጅ ላይ እንዳይጥሉኝ" አላት።

ጥሩአይነት እጇን ያዘቻት። "አልጣሽ፣ የሱን ፊት ዳግመኛ ከማይ እዚሁ ግደዪኝ።"

ወደ ሰይፈ ዞረች። "አንተስ?" አለችው።

"እኔም መሞት እፈራለሁ" አለ። ደጅ ግን እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው ስሙን እየጠሩ "ይማሩልን" ይሉ ነበር።

"ከዳተኛ!" አለ ፊታውራሪው። "ያ ዘመቻ ቢሳካ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም አገራችን ነበርን።"

"ባይሳካስ?" አለች ጥሩአይነት።

መልእክተኛው በቅሎውን ጭኖ ቆሞ ነበር። "እቴጌ፣ የሚቀረውን ሰው ስም ይጥሩልኝ" አላት።

አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንድ ስም ጠራች። ሌሎቹ ሁለቱ እጃቸውን ታስረው በወንዙ መንገድ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልጋ የሚባል ነገር በፊቷ አላስነሳችም።

የጠራችውን ስም ከእኔ አትሰሙም። መፍረዱ የናንተ ነው፦ ልጆቹን ለአልጋው ያስገደለው፣ ልጇን ጥላ የመጣችው፣ ወይስ የሌላ ሰው ልጆች እንዳይሞቱ የከዳው? መትረፍ የሚገባው ማን ነበር?