የዓርብ ገጽ

አንዲት መምህርት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብላ አምስት ጊዜ ፈረመች።

የፈረመችው የልጇ የመገናኛ ደብተር ላይ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ይህን ደብተር ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ኮሙኒኬሽን ቡክ ይለዋል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ አለው። ከላይ የመምህር አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ፣ ከታች «የወላጅ ፊርማ» የሚል መስመር። ማታ ወላጅ ያነባል፣ ይፈርማል። ጠዋት ልጁ ይዞት ይመለሳል። ሳያስፈርም የመጣ ልጅ በር ላይ ይቆማል።

እሷ ግን የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን፣ የሐሙስንና የዓርብን ገጽ በአንድ ጊዜ ጨረሰቻቸው። በየገጹ ቀኑን ጻፈች፣ «አይቻለሁ» ብላ ጻፈች፣ ፊርማዋን አኖረች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ወደ ምድጃዋ ሄደች።

ሰነፍ ነበረች? ቶሎ አትፍረዱ።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ሒሳብ ታስተምራለች። የክፍሏ ተማሪዎች አምሳ ስምንት ናቸው። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ፤ ኤፍራታ አምስት ዓመቷ ነው፣ ናሆም ገና ዓመት ከሦስት ወሩ። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። የአንዷን ፀጉር እየሠራች ሌላውን ታጠባለች። ናሆምን ለጎረቤት፣ ኤፍራታን ለባጃጅ ታስረክብና እየሮጠች ሰልፍ ላይ ትደርሳለች። ቀኑን ሙሉ በአምሳ ስምንት ልጆች ፊት ትጮሃለች። ቤቷ ስትገባ ድምጿ አልቋል፣ ሥራው ግን ገና ነው። የፈተና ወረቀት የምታርመው ናሆም ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ ቀይ እስክሪብቶው እንዳይነካው እጇን ከፍ አድርጋ ነው።

ባሏ ምንተስኖት ደግ ሰው ነው። ግብርና ቢሮ ይሠራል፣ አይጠጣም፣ አይሳደብም። ሲገባ ልጆቹን ይስማል፣ ከዚያ ዜና ያያል። ኤፍራታ ደብተሯን ይዛ ወደ እሱ ከመጣች «ለእናትሽ ስጫት» ይላታል። ይህንንም የሚለው በደግነት ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ፊርማው ተረሳ። ባጃጁ በር ላይ እያስጮኸ፣ ናሆም እያለቀሰ፣ ማን ደብተር ያስታውሳል? ኤፍራታ በር ላይ ቆመች፤ ማታ እያለቀሰች ነገረቻት። እናትየዋ በራሷ ተናደደችና መላ ፈለገች። መላው እሑድ መፈረም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኤፍራታ በር ላይ ቆማ አታውቅም። በየሳምንቱ እናትየዋ ያቆመችበትን ገጽ እጥፋት ይዛ ትከፍታለች፣ ወደ ፊት አምስት ገጽ ትፈርማለች፣ ትዘጋለች። ወደ ኋላ አትገልጥም። ምን ልታይ?

አሁን ወደ ትምህርት ቤቷ ልውሰዳችሁ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ከወላጆቹ መካከል አቶ ላምቤቦ የሚባሉ ግንበኛ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከሃያ ሦስት አግኝቶ ነበር። መምህርቷ የፈተና ወረቀቱ ላይ ልጁ ክፍልፋይ እንዳልገባው፣ አባቱም መጥተው እንዲያነጋግሯት ጽፋ፣ ወላጅ አስፈርመህ አምጣ ብላ ልካው ነበር። ወረቀቱ ተፈርሞ መጣ፤ አባትየው ግን አልመጡም። እንግዲህ በስብሰባው መሀል ወረቀቱን አንስታ ፊርማው የእርሳቸው መሆኑን ጠየቀቻቸው። የእኔ ነው አሉ። ያነበቡት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሲሚንቶ የደረቀበት እጃቸውን አንዴ አዩና አላነበብኩም አሉ፤ ልጁ ሲሰጠኝ ልተኛ ስል ነበር።

«አቶ ላምቤቦ፣ ፊርማ ማለት አይቻለሁ ማለት ነው» አለች። «ያላዩትን አይፈርሙ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። አቶ ላምቤቦ እሺ መምህርት ብለው ቁጭ አሉ። እሷም ትክክል ነበረች። ትክክል አልነበረችም ትሉኛላችሁ?

በዚያው ኅዳር፣ ቤት ውስጥ፣ ኤፍራታ አልታዘዝ አለች። እናቷ እንዲህ ነበር የምትለው፤ አልታዘዝ አለች። ትጠራታለች፣ አትመጣም። ውሃ አምጪ ትላታለች፣ ዝም። ሁለተኛ ጮክ ስትል «እ?» ትላለች። ቴሌቪዥኑ ሥር አፍንጫዋን አስጠግታ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ጫማሽን አድርጊ ብላ ሦስት ጊዜ ተናግራ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ አሻንጉሊቷን ስታለብስ አገኘቻት። መታቻት። ጠንክራ አይደለም፣ ግን መታቻት። «ጆሮ የለሽም?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ኤፍራታ እናቷ በተናገረች ቁጥር አፏን ትክ ብላ ታይ ጀመር። እናትየዋ ደስ አላት። ሥርዓት ገባት፣ ሲያናግሯት ፊት ታያለች አለች።

ይህን የምትለው መምህርት ናት። ክፍሏ ውስጥ በደንብ የማይሰሙ ሁለት ልጆች አሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለይታቸው የፊት ወንበር ላይ ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት። አፍ አፍ የሚያይ ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ክፍል ውስጥ ታውቃለች።

ኅዳር ሃያ አምስት፣ ሐሙስ፣ ባጃጁ ተበላሸ። ባለባጃጁ ደውሎ ልጅቷን ራስሽ ውሰጂያት አላት። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አንዲት ባልደረባዋ ላይ ጥላ፣ እየሮጠች ሄደች። የኤፍራታ መምህር ሚስ ቃልኪዳን፣ ወጣት ናት፣ በር ላይ ልጆች እያስረከበች ነበር። ስታያት ፊቷ በራ።

«የኤፍራታ እናት፣ እንኳን መጡ» አለቻት። «ሐኪሙ ስለ ጆሮዋ ምን አለ?»

እናትየዋ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ጠየቀች። ሚስ ቃልኪዳን የምትቀልድ መሰላት። ከዚያ እንዳልቀለደች ገባት፤ ከኤፍራታ ቦርሳ ደብተሩን አወጣችና ገለጠች።

ኅዳር አራት። ኤፍራታ ከኋላዋ ስትጠራ አትሰማም፤ እባክዎ ጆሮዋን ያሳዩልን። ከሥሩ፦ አይቻለሁ፣ ፊርማ።

ኅዳር አሥራ አምስት። በግራ ጆሮዋ በኩል ጭራሽ አትመልስም፤ አሳይተዋት ከሆነ ያሳውቁን። ከሥሩ፦ አይቻለሁ፣ ፊርማ።

የዕለቱ ገጽ፣ ኅዳር ሃያ አምስት። ዛሬ ጆሮዬን አመመኝ ብላ አልቅሳለች፤ እባክዎ ይደውሉልን። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ከሥሩ፦ አይቻለሁ፣ ፊርማ።

ሚስ ቃልኪዳን በፊተኞቹ ሁለቱ ላይ ስለተፈረመ እናትየዋ አውቃ እያሳከመቻት ነው ብላ ማሰቧን ተናገረች። በዕለቱ መልእክት ላይ ግን ጣቷን አቆመች። ይህን የጻፈችው ከምሳ በኋላ ነው። ማን ፈረመው? አንድ ገጽ ወደ ፊት ገለጠች። የዓርብ ገጽ ነው። ከላይ ባዶ ነው፤ ዓርብ ገና አልመጣማ። ከታች ግን፦ ኅዳር ሃያ ስድስት፣ አይቻለሁ፣ ፊርማ።

«ነገንም አይተውታል» አለች ሚስ ቃልኪዳን። በቁጣ አልነበረም። ገርሟት ነው።

እናትየዋ ልጇን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ እጇን ለቀቀችና በግራዋ በኩል ወደ ኋላ ቀረት ብላ «ኤፍራታ» አለች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ሄደች። ትንሽ ጠጋ ብላ ደገመች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ሄደች። በቀኝ ዞራ ስትጠራት ኤፍራታ ዞር ብላ አፏን አየች። ያቺ ጫማ ያላደረገችበት ጠዋት በየት በኩል ነበር የቆምኩት? እናትየዋ እስከ ቤቷ ድረስ ያሰበችው ይህን ብቻ ነው። በግራ ነበር።

በማግስቱ፣ በዚያች ቀድማ በፈረመችባት ዓርብ፣ ሥራ ቀረች። ሐኪሙ ጆሮዋን አየና በሁለቱም በኩል ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙን፣ የግራው መመርቀዙን፣ የቆየም መሆኑን ነገራት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቃት። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

ሐኪሙ አነበበ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ሌላ አልጠየቃትም። ካርዱ ላይ ኅዳር አራት ብሎ ጻፈ።

የቀኝ ጆሮዋ በመድኃኒቱ ዳነ። የግራው አሁንም በክትትል ላይ ነው። ሐኪሙ ይሻላታል አለ፤ ሙሉ በሙሉ አላለም። በጸሎት ወዲያው ተፈወሰች ብዬ እንድነግራችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ያልሆነውን አልነግራችሁም። ይጸልያሉ፤ ጠብታውንም ያደርጉላታል።

ያን ዓርብ ማታ ምንተስኖት ዜና ሊከፍት ሲል ደብተሩን ጭኑ ላይ አኖረችለት። ሦስቱን ገጾች አነበበ። ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የአንተ ነው አለችው። የሚያውቁት ያንቺን ፊርማ ነው አላት። «አንተንም ይወቁህ» አለችው። «ደብተሩ የእናት ፊርማ አይልም፤ የወላጅ ነው የሚለው።» ሰውየው እስክሪብቶ ፈለገ።

አንድ የቀራት ሰው ነበር። አቶ ላምቤቦ ልጃቸውን ሊያዩ በመጡ ቀን በረንዳ ላይ ጠብቃ፣ እኔም ሳላይ ፈርሜያለሁ፣ ያውም ከእርስዎ የባሰ ነው አለቻቸው። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ እርስዎን በሰው ፊት ማን ተቆጣዎት?» አሏት።

ማንም አልተቆጣትም ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ፍርድ ሰጥታችሁ ጨርሳችኋል። ሥራዋን ብትተው ምን አለበት ያላችሁ አላችሁ። ልጆቻችሁ ክፍልፋይ የተማሩት ከማን ነው? ከእሷ ነው። ልጆቻችሁን አስተምሪ፣ የራስሽን ደግሞ ቤት ቁጭ ብለሽ አሳድጊ፣ በእሑድም ለመዘምራን ወጥ ሥሪ የምትሏት እናንተ ናችሁ። ከዚያ እሑድ ላይ አምስት ገጽ ስትፈርም ይገርማችኋል። እኔን የገረመኝ አሥር አለመፈረሟ ነው። ወንድሞች፣ ደግ ሰው መሆናችሁን አልካድኩም። ምንተስኖትም ደግ ነው። ደብተሩን ያነበበው ግን የልጁ ጆሮ ከመረቀዘ በኋላ ነው።

እሷን ብቻ ይዤ አልቀርም። እናንተስ ሳታዩ የፈረማችሁት የት የት ነው?

ሚስትህ ደህና ናት ወይ ስትባል «ደህና ናት» ያልከው ዛሬ ጠዋት ፊቷን አይተህ ነው? ልጅሽ ትምህርት እንዴት ነው ስትባይ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያልሽው ጠይቀሽው ነው? ሽማግሌዎች፣ የታመመች እህታችንን እንጠይቃለን ብላችሁ በቃለ ጉባኤ የፈረማችሁት ስንት ሳምንት ሆነው? ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃላችሁ?

እግዚአብሔር ፊትም እንዲሁ እናደርጋለን። ገና የሳምንቱ መልእክት ሳይጻፍ፣ ገና ምን እንደሚጠይቀን ሳንሰማ፣ እሑድ እዚህ ተቀምጠን የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕን፣ የሐሙስን፣ የዓርብን ፈርመን እንጨርሳለን። ፊርማችን ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሜን ነው። ቅድም ስጸልይ ገና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳለሁ አሜን ያላችሁ ነበራችሁ። ምን ልል እንደነበር ታውቁ ነበር?

ያቺ እናት አሁን የምትፈርመው በሁለቱ ቀን ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ቆማ ታነባለች፣ ወደ ኋላም አንድ ገጽ ትገልጣለች፣ ከዚያ ትፈርማለች። ሥራዋ አልቀነሰም። አሁንም እየሮጠች ሰልፍ ላይ ትደርሳለች። ኤፍራታን ስትጠራት ግን በቀኝ በኩል ዞራ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስጨርስ አሜን እንዳትሉኝ። አውቃለሁ፣ አፋችሁ ላይ መጥቷል፤ ያዙት። ቤታችሁ ግቡ። ቦርሳው በር አጠገብ ተንጠልጥሏል። ደብተሩን አውጡ፣ ወደ ኋላ ግለጡ፣ አንብቡ። የተጻፈውን ስታደርጉት፣ ያኔ በሉት።