የመምህርቷ ኮከቦች

አንዲት እናት ነበረች፤ እንደ ብዙዎቻችሁ እዚሁ አሜሪካ ልጅ የምታሳድግ። ልጇ ናርዶስ ሦስተኛ ክፍል ናት። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደረቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ኮከብ ተለጥፎላታል። “ግሩም!” ይላል ኮከቡ። የማቀዝቀዣው በር በኮከብ ተሸፈነ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ፎቶ አንስታችሁ ለዘመድ አዝማድ ትልካላችሁ። እኔም እልካለሁ። ይቺ ሴት ግን ጠረጠረች።

ለምን ጠረጠረች? የጎረቤቷ ልጅ፣ ነጩ ልጅ፣ እዚያው ክፍል ነው የሚማረው። እሱ አንዳንድ ቀን እያለቀሰ ይመጣል። “መምህርቷ ድገም አለችኝ፤ እንደገና አንብብ አለችኝ” ይላል። የኔዋስ ለምንድን ነው የማታለቅሰው? አለች በልቧ። መቼም ልጄ መልአክ አይደለችም!

ባሏ ሳቀባት። “አንቺ ደግሞ! ሲቆጡ ዘረኞች ናቸው ትያለሽ፤ ሲያመሰግኑ ትጠረጥሪያለሽ። መምህራኑ እኮ ሥልጠና ወስደዋል። ጥቁር ልጆችን እንዳይበድሉ ተምረዋል።”

“ምን እንደተማሩ በዓይኔ ልየዋ!” አለችውና ሄደች።

ሚስ ዶሪስ የምትባለው ነጯ መምህርት በፈገግታ ተቀበለቻት። ወንበር ሳበችላት፤ ውሃ ቀዳችላት። “ናርዶስ ድንቅ ልጅ ናት!”

“እስቲ እፊቴ ታንብብልኝ።”

ልጅቷ መጽሐፉን ገለጠች። ገጹ ላይ የፈረስ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ናርዶስ ሥዕሉን እያየች ስለ ፈረሱ ረጅም ተረት አወራች። መምህርቷ አጨበጨበች። “ግሩም!”

“ምኑ ነው ግሩሙ?” አለች እናት። “ሁለት መስመር እኮ ነው! ልጄ ማንበብ አትችልም።”

ሚስ ዶሪስ ልጅቷን ወደ ውጭ ልካ በሩን ዘጋች። ፊቷ ቀልቷል። “ጥቁር ልጆችን ቶሎ እንደምንቆጣ ሥልጠናው ላይ ነገሩን። እውነት ነው፤ እኔም እቆጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ናርዶስን ማረም ፈራሁ። ዘረኛ ብትሉኝስ?”

“ነጮቹንስ?”

“እነሱንማ አርማቸዋለሁ።”

ሰማችሁ ወገኖቼ? ሥልጠናውን አልወቅስም፤ የተነገራት እውነት ነው። ግን ከዚያ አዳራሽ ይዛ የወጣችው ምንድን ነው? ለልጅቷ ማሰብን ነው ወይስ ለራሷ ስም መፍራትን? ድሮ ጥቁሮቹን ልጆች በቁጣ ትገፋቸው ነበር፤ አሁን በኮከብ ገፋቻቸው። ናርዶስ እንደሆነ ያው ወደ ኋላ ቀርታለች።

እናትየዋ አልጮኸችም። “እኔን አትፍሪኝ” አለቻት። “ልጄን አስተምሪልኝ።”

በሚቀጥለው ሳምንት ናርዶስ ዓይኗ አብጦ መጣች። “ድገሚ አለችኝ፣ እማዬ! አሁንም ድገሚ አለችኝ!” እናቷ አቅፋ ሳመቻት፤ ደስ ብሏት አብራት አለቀሰች።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በነጮቹ ስትስቁ አይቻችኋለሁ።

የራሳችን ብሔር ልጅ ሲያጠፋ ጠርተን እንቆጣዋለን። ከሌላ ብሔር የመጣው ወንድም ሲያጠፋስ? ትዳሩ ሲፈርስ እያየን፣ መጠጥ ሲጀምር እየሰማን፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን “ጌታ ይባርክህ” ብለን እናልፈዋለን። ለምን? “በብሔሬ ጠላኝ” እንዳይለን! ታዲያ እሱን ወደድነው ወይስ ስማችንን ጠበቅን? የስንቱን ቤት በፈገግታ አስፈረስን?

ስለዚህ ፈገግታችሁን ጠርጥሩ። ስትስቁለት የኖራችሁት፣ ግን አንድም ቀን እውነቱን ያልነገራችሁት ሰው ማን ነው? አሁን ስሙ መጣላችሁ። ሳትፈሩ፣ ሳትንቁትም፣ ዛሬ ቤቱ ሂዱ።

እኔም ጉባኤው ሲያልቅ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜ እጃችሁን እጨብጣለሁ። ጥፋታችሁን እያወቅሁ ፈገግ ብዬ ብቻ ካሳለፍኳችሁ፣ እኔንም ጠርጥሩኝ።