ሦስቱ ደረቅ ጉድጓዶች

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። አንቺ፣ መንሾካሾክሽን ተይና ተቀመጪ። ዛሬ የምነግራችሁ የሚያስቅ አይደለም፤ ሳቅ ያማረው ወደ ቤቱ ይሂድ።

በድሮ ዘመን፣ ውሃ በራቀበት ቆላ፣ ደርሰህ የሚባል ገበሬ ነበረ። ትዕግሥተኛ ነው፣ እግዜርን ፈሪ ነው፣ ጉልበቱ የበሬ ነው። ጎረቤቱ ጓንጉል ደግሞ አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚሉት ዓይነት ነው። ከጓሮው ምንጭ ይፈልቃል፤ እሾህ አጥሮበት ለማንም አያቀምስም። አገሩ ሁሉ የግማሽ ቀን መንገድ ወርዶ ከወንዝ ይቀዳል።

ለደርሰህና ለሚስቱ ለስንቄ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሟ ውዲቱ። አንድ የክረምት ጠዋት እንስራዋን አዝላ ከጓንጉል አጥር ቆማ ተጣራች። ደመናው ከብዷል፣ ወንዝ መውረድ ፈራሁ አለችው። አልከፈተላትም። ወረደች፤ ደራሽ ውሃ ወሰዳት። እንስራዋ ቋጥኝ ሥር ተገኘ፣ እሷ አልተገኘችም።

ደርሰህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተደፍቶ ተሳለ።

«ጌታ ሆይ፣ የሌላ ሰው ልጅ ወንዝ እንዳትወርድ እዚሁ መንደር ውሃ አወጣለሁ። አንተ አግዘኝ።»

አማትቦ ቆፈረ። አንድ በጋ ሙሉ ቆፈረ። አቧራ እንጂ ውሃ የለም። «እሱ ያውቃል» አለ።

በሁለተኛው በጋ አማትቦ ሌላ ቆፈረ። አቧራ እንጂ ውሃ የለም። ጓንጉል አፋፉ ላይ ቆሞ፣ እግዜር ቢወድህ ልጅህን ይወስድ ነበር ወይ ብሎ አሾፈበት። ደርሰህ አቧራውን አራገፈና «እሱ ያውቃል» አለ።

በሦስተኛው በጋ አማትቦ ሌላ ቆፈረ። ድንጋይ ተንዶ ሁለት ጣቶቹን ጨፈለቀበት። አቧራ እንጂ ውሃ የለም። ያን ጊዜ ደርሰህ ምንም አላለም። ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ አለቀሰ። ስንቄ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷም አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «በል እኔ ልበልልህ፤ እሱ ያውቃል» አለችው። እናንተ ብትሆኑ ትሉት ነበር? እኔስ አልለውም ነበር።

በዚያው ዓመት፣ አዝመራው እንደገባ ክፉ ወሬ መጣ። ወራሪ ጦር ጎተራ እየዘረፈ፣ የተረፈውን እያቃጠለ ይመጣል ተባለ። መንደሩ ተሰበሰበ። እህሉን ተሸክሞ መሸሽ አይቻልም፤ ትተውት ቢሸሹ ረሃብ ይጨርሳቸዋል። ያን ጊዜ ስንቄ ተነሳች።

«የደርሰህ ጉድጓድ አለ አይደል? ጠብታ የለውም ብለን ያለቀስንበት። ጠብታ የሌለው ጉድጓድ ለእህል ነው እንጂ ለምንድን ነው?»

ቀን ከሌት ሠሩ። ገለባ አነጠፉ፣ ማሽላውን ገለበጡ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነው አፈር መለሱበት። ደርሰህ ጓንጉልን፣ «ያንተንም አምጣ» አለው። ጓንጉል ግን፣ እግዜር የረገመው ጉድጓድ ውስጥ እህሌን አልከትም ብሎ ከምንጩ ዳር ለብቻው ቆፈረ። አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ጨረሰ፤ ደስም አለው።

ጦሩ መጣ። ጎተራውን አቃጠለ፣ ከብቱን ነዳ፣ ሮጠው መሸሸጊያው ዋሻ ያልደረሱትን ሽማግሌዎች ገደለ። ጦሩ ሲያልፍ የተረፈው ሰው ሬሳውን ቀበረ፤ ከዚያ ጉድጓዶቹን ከፈተ። ማሽላው እንደገባ ነው። ጓንጉልም የራሱን ከፈተ። ርጥበት ገብቶት ሻግቷል፣ ጠቁሯል፣ ሽታው አያስቀርብም።

ልጆቹ በረሃብ ሲያቃስቱበት ጓንጉል ባዶ ስልቻ ይዞ ከደርሰህ ደጅ ቆመ። ስንቄ ስታየው ውዲቱ ትዝ አለቻት፤ ፊቷን አዞረች። ደርሰህ ስልቻውን ተቀብሎ ሞላለት።

«ውሰድ፣ ልጆችህን አብላ» አለው። «አጥሩን ግን ክፈተው።»

ጓንጉል መሬት መሬት እያየ ሄደ። በማግስቱ እሾሁን በገዛ እጁ ነቀለ። መጀመሪያ የቀዳችው ስንቄ ናት፤ በውዲቱ እንስራ። እያለቀሰች ቀዳች። ደርሰህ ቆሞ አያትና «እሱ ያውቃል» አለ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ መንደር ለውሃ ወንዝ የወረደች ልጅ የለችም።

ውዲቱ አልተመለሰችም። ተመለሰች ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። የአባቷ ስለት ግን ተሰምቷል፤ እሱ በቆፈረበት በኩል አልመጣም እንጂ። እናንተም የደከማችሁበት ደረቅ ቢሆንባችሁ፣ እግዜር ጣለኝ ብላችሁ ጉድጓዱን አትድፈኑት፤ ለምን እንዳስቆፈራችሁ እሱ ያውቃል።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ። በሉ ተነሱ፤ ውሃ የለመናችሁን ሰው በር እንዳትዘጉበት።